መርዶ ይዘን ሙዚየም ስንጎበኝ

ከኧርቪንግ፣ ቴክሳስ

በነሐሴ ከዳላስ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ሙቀቱ መልስ ነው። እኛ ግን ሰበብም ምክንያትም ነበረን፤ ሁለቱ ደግሞ አይተዋወቁም። ሰበባችን ሙዚየም ነው። በካናዳ ሜዳማ ምድር፣ በሳስካችዋን፣ በየትንንሹ ከተማ ያሉትን የአካባቢ ሙዚየሞች ልንጎበኝ ነው ብለናል። ምክንያታችን መርዶ ነው።

አጎቴ ጋሽ ተሾመ ደብረ ብርሃን ላይ ካረፉ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ልጃቸው ሰናይት አታውቅም። ሰናይት በሳስካችዋን በአንዲት ትንሽ ከተማ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነርስ ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ በከተማዋ ሌላ ሐበሻ የለም። በየእሑዱ አባቷን ኮል ታደርግ ነበር። አሁን ስትደውል ታላቅ ወንድሟ «አባባ ጸበል ገብቷል፣ ስልክ አይፈቀድም» ይላታል። ይኸው ጸበል ሦስት እሑድ ፈጀ። ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ጸበል የለም።

ዘመድ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው የዳላስ ሰፈር ተሰበሰበ፣ ጋሼ ሽፈራው አፓርትመንት። ጋሼ ሽፈራው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የእናቴም ወንድም ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸው ዛሬም ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ፤ ልባቸው ውስጥ ግን ሐኪሞች ትንንሽ ቱቦ አስገብተውላቸዋል። የወንድማቸውን ሞት ስንነግራቸው «ሰናይት ሳታለቅስ እኔ አላለቅስም» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። ጥቁር አልለበሱም፤ ድንኳን አልተጣለም፤ ፌስቡክ ላይ ሻማ የለጠፈ የአክስት ልጅ በደቂቃ ውስጥ እንዲያነሳ ተደረገ። ሰውየው ሐዘናቸውን እንደ ትኩስ ድንች አፋቸው ውስጥ ይዘው፣ ሳይውጡትም ሳይተፉትም ሦስት ሳምንት ሥራ ገቡ።

እኔ እንደ ልማዴ ተቃወምኩ። ስልክ የሚባል ነገር አለ አልኩ። ድሮም መርዶ በስልክ ይነገር የሚል መጣጥፍ ጽፌ ነበር፤ ያነበቡት ዘመዶቼ ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ተቀይመውኛል። ነገር ግን በእኛ ስብሰባ የተቃወመ ሰው ሥራ ይሰጠዋል። ሰው ዝር የማይልበትን ሙዚየም መዞር እንደምወድ ስለሚታወቅ፣ ሰበቡ እኔ ሆንኩ፤ መርዶ ነጋሪው ጋሼ ሆኑ። እዚያው ቁጭ እንዳልን ጋሼ ደወሉላት። ድምፃቸውን እንደ ሠርግ ጠሪ አሳምረው «ሙዚየም ልናይ እየመጣን ነው» አሏት። ሰናይት «ሙዚየም?» አለች። ከዚያ፣ «ኦኬ ጋሼ፤ ደስ ይለኛል። እኔ አስጎበኛችኋለሁ» አለች።

ካልጋሪ፣ ሬጃይና፣ መንገዱ

ካልጋሪ ላይ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ የጉዟችንን ዓላማ ጠየቀ። ጋሼ «ሙዚየም» አሉ። የት? «ሳስካችዋን።» ሰውዬው ፓስፖርቱን ትቶ ፊታችንን ማየት ጀመረ። ለሥራ ነው የመጣነው ብንለው እንኳ ያን ያህል ባልተጠራጠረን። በመጨረሻ፣ እሱም የዚያ አገር ልጅ መሆኑን ነግሮን፣ ሐዘንም ኩራትም በተቀላቀለበት ፊት ማኅተሙን አሳረፈ።

ሬጃይና ኤርፖርት ሰናይት ቆማ ጠበቀችን። ጸጉሯን እስከ ጆሮዋ አሳጥራዋለች፤ ለሥራ ይቀላል አለችን። ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ሱሪ። በዚህ አህጉር ሰው ጥቁር የሚለብሰው ቀጭን ለመምሰል ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። ጋሼን አቅፋ ቶሎ አለቀቀቻቸውም። እሳቸውም በትከሻዋ በኩል እያዩኝ፣ አታውቅም ማለት ነው በሚል ዓይን ጠቀሱኝ።

ሜዳ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን ምድሪቱ ጠረጴዛ ናት፤ ያውም ዕቃው ተነስቶላት የተወለወለች። ስንዴው ሊታጨድ ደርሷል። በየጊዜው ከሩቅ አንድ ከእንጨት የተሠራ፣ እንደ ፎቅ ቀጥ ብሎ የቆመ የእህል ጎተራ ይታያል። ጎተራ ባለበት ከተማ አለ፤ ወይም ነበረ። በገጠሩ መንገድ ከፊት የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ያነሳል፤ ሰላምታ መሆኑ ነው። ጋሼ ለእያንዳንዱ ፒክአፕ ከወንበራቸው ብድግ እያሉ እጅ ይነሱ ጀመር።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ጣት ይበቃል» አለች ሰናይት።

«ሰላምታ አይሰሰትም» አሉ። መኪናው ጥቂት መሆኑ ወገባቸውን አተረፈላቸው።

በዚያ ሁሉ መንገድ የደብረ ብርሃን ስም አልተነሳም። እኔና ጋሼ እንዳናነሳ ተስማምተናል። እሷ ለምን እንዳላነሳች ግን ራሴን አልጠየቅሁም፤ ዕድላችን ነው አልኩ። ብዙ ያነበበ ሰው ነገር ሲመቸው መመርመር ይተዋል።

የባቡር ጣቢያው

የመጀመሪያው ሙዚየም በሰናይት ከተማ ያለው የድሮ ባቡር ጣቢያ ነው። ባቡር ያጣች ከተማ ሁሉ ጣቢያዋን ሙዚየም ታደርጋለች፤ ሌላ ምን ታድርገው። መግቢያው እንደ አቅም ነው፤ በሩ ላይ ካለው የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አምስት ዶላር ጣልን። ያስጎበኘችን ዶሪን ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች፣ ከበሩ ጉበን ጎንበስ ብላ የምታልፍ ረጅም ሴት። እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት ሰናይት ናት፤ ሲተቃቀፉ ዘመድ ይመስላሉ።

አንዱ ግድግዳ በሙሉ የአጥር ሽቦ ነው። ቁራጭ ቁራጭ ባለ እሾህ ሽቦ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ለእያንዳንዱ ስም ተጽፎለታል። ከዚያ የሙሽራ ቀሚስ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ ቁጥር ስፍር የሌለው የጨው ዕቃ። ልቀልድበት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን ወደድኩት። ትልልቆቹ ሙዚየሞች የሰው አገር ዕቃ ሰብስበው መልሱልን ሲባሉ ጠበቃ ይቀጥራሉ። እዚህ ያለውን ዕቃ ሁሉ ያመጣው ከመንገዱ ማዶ ያለ ጎረቤት ነው፤ ልመልስልህ ቢሉት በሩን ይቆልፋል።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ግምጃ ቤት መርማሪ ዞሩና የከሰል ካውያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ይቺ እኮ ቤታችን አለች» አሉ። ቀጥሎ ያለው ፋኖስም አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው የዘይት ቆርቆሮም አለ፣ ምሥር ተቀምጦበታል።

«ሶ ሙዚየሙ እኛ ቤት ነው በሉኛ» አለች ሰናይት። ለዶሪን ሲተረጎምላት አልሳቀችም፤ ካውያውን ለሙዚየሙ ይለግሱ እንደሆን አጥብቃ ጠየቀች።

ቤታችን ያሉት ደብረ ብርሃን ያለውን፣ የሟቹን ቤት ነው። ወዲያው ገባቸውና ሳል ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት ሰናይት ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ወንበር ወሰደቻቸው። ሁላችንም ያንን ወንበር ከሚገባው በላይ አደነቅነው።

ትራክተርና የሣር ቤት

በማግሥቱ ትራክተር ነበር። ለክፉ ቀን የተጠሩ ጡረተኛ ወታደሮች ይመስል፣ ዝገታቸው ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብተው በሰልፍ ቆመዋል። ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ ሰናይትን በስሟ ጠርታ ሳመቻትና ገንዘባችንን አልቀበልም አለች። ከትራክተሮቹ ጀርባ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የሠሩት ዓይነት ቤት አለ። ዛፍ በሌለበት አገር እንጨት ከየት ይምጣ፤ ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ ደርድረው ገቡበት። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ አፈር አፈር ይሸታል። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር።

ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና አልነሳ አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ሰናይት አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ሰናይት ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው የሙዚየም ድምፅ አልነበረም። «አንድ ነገር...»

ዓይኗን ከፊታቸው ሳታነሳ አየቻቸውና ተስፈንጥራ ተነሳች። «ጋሼ፣ እርቦዎታል። ኑ እንሂድ፤ የካፌው ፓይ ያልቃል።»

ምሳ ከመንገድ ዳር ካለች ትንሽ ካፌ ነው የበላነው። ፍልሰታ ነው፤ ጋሼም ሰናይትም ጾመኞች ናቸው። ፔሮጊ የሚሉት ድንች የተሞላ ሊጥ አሪፍ የጾም ምግብ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው፤ ቅቤ አፍስሰው፣ ከላይ ክሬም ጭነው አበላሹት። እነሱ የድንች ጥብስ በሉ። በአገሩ ፍሬ የተሠራውን፣ ፓይ የሚሉትን ጥቁር ሰማያዊ ኬክ የሦስታችንንም ድርሻ እኔ በላሁ። ስለ ሃይማኖት ያለኝ አቋም አንዳንዴ ይጠቅማል።

ሰናይት ልትከፍል ስትነሳ ጋሼ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ደረቴ ላይ ቆሟል» አሉኝ። መድኃኒታቸውን ውጠው እንደሆን ጠየቅኋቸው። መድኃኒቱ የሚያወርደው ነገር አይደለም አሉ። ከዚያ በላይ መቆየት እንደማይቻል ተስማማን፤ ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ ይነገራታል። ሰው የለንም፣ የሚይዛት እኔና እርስዎ ብቻ ነን ብላቸው፣ «እኛስ ሰው አይደለንም?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ የፈራሁት ለእሷ ብቻ አልነበረም። እሷ ወድቃ እሳቸውም ቢወድቁ፣ ከሁለቱ ማንን እንደማነሳ አላውቅም ነበር።

ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን

ሦስተኛው ቀን ከዩክሬን የመጡ ገበሬዎች የሠሩት፣ አሁን ሙዚየም የሆነ ቤተ ክርስቲያን ነው። በስንዴ መሐል ብቻውን ቆሟል፤ ጉልላቱ የሽንኩርት ቅርጽ አለው። ጋሼ ደጁ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ቁልፍ ያዥዋ ሴትዮ ደንግጣ ግድ የለም፣ ሙዚየም እኮ ነው አለች። «ሥዕሎቹ ሙዚየም መሆኑን አያውቁም» አሉ ጋሼ። ስተረጉምላት ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የራሷንም ጫማ አወለቀች።

ጋሼ ከማርያም ሥዕል ፊት ቆመው በለሆሳስ ሲጸልዩ ነበር። «ነፍስ» የሚል ቃል ጆሮዬ ላይ ወደቀ። ሰናይት ሰምታ ይሆን ብዬ ዞር ስል እሷም ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጾሙ ነው አልኩ። ያን ዕለት ማታ መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ብዙ ስልክ ደወለች፤ በእንግሊዝኛ ነበር። የሥራ ፈረቃ እየቀየረች ነው አልኩ። ለሁሉም ነገር ማብራሪያ ነበረኝ።

ጎህ ሲቀድ

የምንተኛው በሰናይት ቤት ቤዝመንት፣ በምድር ቤቱ ነው። ጋሼ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀሰቀሱኝ። ከሻንጣቸው ሥር ያስቀመጡትን ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ነበር። ትንሽ ጸለዩ። ደረጃውን ስንወጣ እጄን ያዙኝ፤ እኔ እየደገፍኳቸው ይሁን እሳቸው እኔን አልለየሁትም።

ላይ መብራት አለ። ሳሎኑ ውስጥ ሰናይት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ቆማለች። ሶፋው ላይ ዶሪን፣ የትራክተሩ ትኬት ቆራጭና የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያዥ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ የሳንድዊች ትሪ አለ። ከመሐል አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ባዶውን ይጠብቃል።

«ጋሼ» አለች ሰናይት፤ «እስቲ ይቀመጡ።»

«አይ፣ አንቺ ተቀመጪ።»

«እባክዎ፣ እርስዎ ይቀመጡ። ልብዎን ያስቡ።»

«የኔን ልብ ተዪው። መቀመጥ ያለብሽስ አንቺ ነሽ።»

ዶሪን ተነስታ ከባዶው ወንበር ኋላ ቆመች፤ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ የሚወድቅ ዕቃ እንደሚቀበል ሰው። ጋሼ እሷን አዩ። ሳንድዊቹን አዩ። የሰናይትን ሻሽ አዩ። ሰናይት ደግሞ ሱፋቸውን፣ ነጠላቸውን ታያለች። ወንበሩ ባዶውን ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ትንሿ እህቴ። አስጨንቄያት።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እርስዎስ?»

«እኔማ ከመጀመሪያውም።»

«ታዲያ ሙዚየሙ ምንድን ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ ለእርስዎ ብዬ ነበር» አለች፤ ቃሉን ሳትጨርስ ጋሼ «ወንድሜን» አሉ። አንዴ ብቻ ነው ያሉት። ተቃቅፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተዘጋ ነገር ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ አሰሙ።

ዶሪን ሥራዋ ተምታታባት። ሽማግሌው ሲወድቁ በትከሻቸው ያዣቸው፣ አይዞዎት አትበያቸው፣ ዝም ብለሽ ያዣቸው ተብላ ተነግሯት ነበር። ሽማግሌው ግን ወድቀውም የሚይዛቸው አገኙ። ዞር ዞር አለችና በሩ ላይ እኔን አየችኝ። መጥታ እነዚያን ረጃጅም እጆቿን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። አይዞህ አላለችኝም።

ጋሽ ተሾመ አጎቴም ነበሩ። ቀለም ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ሞታቸውን የሰማሁት በስልክ ነው፤ ልክ እንደምመክረው፤ ኧርቪንግ ውስጥ ፓርክ አድርጌ፣ ሰምቼ፣ ስልኩን ዘግቼ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። የሚይዘኝ ያስፈልገኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም። አንዲት ስሜን በትክክል መጥራት የማትችል ሴት ከኋላዬ ቆማ ስትይዘኝ ነው ያለቀስኩት፤ ያውም በደንብ።

ሲረጋጉ ነገሩ ተፈታ። ሰናይት ወሬውን በሰማች ሰሞን ወደ ጋሼ ልትደውል ስትዘጋጅ እሳቸው ቀድመው ደወሉ፤ ድምፃቸው የደስታ፣ ወሬያቸው የሙዚየም። ወንድሙ የሞተበት ሰው ሙዚየም ልይ አይልም ብላ ደመደመች። አላወቁም፤ ልባቸው ደግሞ ደካማ ነው። ስለዚህ በቀስታ ላዝናናቸውና ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ አለች፤ ሰው የምትለው ደግሞ ያላትን ሰው ነው። ለእኔ ቀድማ ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «አንተ? መጣጥፍህን አንብቤዋለሁ። መኪና ውስጥ ነበር የምትነግራቸው» አለችኝ። በዚያ ቀን መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ናቸው።

ረፋድ ላይ ከተማው መጣ። ዶሪን ከጣቢያው ሙዚየም ተጣጣፊ ወንበሮችን በፒክአፕ አስጭና አምጥታ ጋራዡ ውስጥ ደረደረች። ሰዎቹ ምን እንደሚባል አያውቁም፤ ስለዚህ ምንም አላሉም። ምግብ አስቀምጠው፣ የጋሼን እጅ ጨብጠው ተቀመጡ። ሳንድዊቹ እንቁላልና ካም ነበር፤ ጋሼ አንዱን ተቀብለው በክብር ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ እኔ በኋላ አነሳሁላቸው።

መልስ

ሰናይትን ብቻዋን ትተናት አልመጣንም፤ ፈቃድ ጠይቃ አብራን በረረች። አውሮፕላኑ ዲኤፍደብሊው፣ የዳላሱ ኤርፖርት፣ ሲያርፍና በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊታችንን ገረፈን። ጋሼ ግን «እሰይ» አሉ። ሌክ ሃይላንድስ ስንደርስ ግቢው በመኪና ሞልቷል፤ ጥቁር የለበሰ ሰው ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ልቅሶው በይፋ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጠይቀው እንዴት ሆነች የሚል ነው። ሰናይት ራሷ በሩ ላይ ቆማ ሰላም ስትላቸው የሚጠይቁትን አጡ።

አንባቢ ከዚህ በኋላ አቋሜን ለውጬ እንደሆን ይጠይቅ ይሆናል። ግማሹን ለውጫለሁ። ሰውን በሌለ ጸበል ሦስት እሑድ መሸንገል ዛሬም ጭካኔ ነው እላለሁ፤ የሚደበቅለት ሰው ብዙ ጊዜ እሱም እየደበቀ ነው፤ እኛም ሁለት ወገን ሆነን አንድ ሬሳ በአንድ መኪና ውስጥ ስንደባበቅ ሦስት ቀን ስንዴ ለስንዴ ዞርን። መሄዱ ግን ሌላ ነው። ወሬው በስልክ ይሂድ፤ ሰውየው ደግሞ በእግሩ ይከተለው፤ የሳስካችዋንን ያህል ቢርቅም። ሙዚየሞቹን በተመለከተ፣ ሌላ ሐዘን ሳይኖረው ሄዶ ቢያያቸው አንባቢ አይቆጭም።

ጋሼ ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳው ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰናይት ከእግራቸው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ሰው ይገባል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ይቀመጣል። ከመካከል አንዲት አክስት ስለ ቀብሩ ሥነ ሥርዓት ስታወራ ሳለ የጋሼ አገጭ ወደ ደረታቸው ወረደ። ልባቸው ነው ብለን ልንሮጥ ነበር፤ ሰናይት እጇን አንስታ አስቆመችን። የእጃቸውን ትርታ ይዛ ትንሽ አዳመጠች።

«ተኝተው ነው» አለች።

አክስቲቱ ወሬዋን ወደ ሹክሹክታ አወረደች። አንድ ሰው ተነስቶ መጋረጃውን ሳበው።